ሴኮንድ ላይፍ ላይ የሠራኋት ጀልባ ሜኑዋ በአማርኛ አልከፈት አለኝ

ቆሮሶ

ሰላም ለሁላችሁ። ከሐዋሳ ነኝ። ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ፣ ማታ ማታ ሴኮንድ ላይፍ እገባለሁ። ጥያቄዬ አጭር ነው። ግን ነገሩን ከሥሩ ካልነገርኳችሁ ለምን እንዲህ እንደምጨነቅ አይገባችሁም።

ለማታውቁት፦ ሴኮንድ ላይፍ ሊንደን ላብ የተባለ የሳን ፍራንሲስኮ ኩባንያ በ2003 እ.ኤ.አ. የከፈተው የኦንላይን ዓለም ነው። ማሸነፍ መሸነፍ የለበትም። ቤቱን፣ ልብሱን፣ ዛፉን፣ መኪናውን የሚሠሩት እዚያው የሚኖሩት ሰዎች ናቸው። ዕቃው እንዲንቀሳቀስ ወይም እንዲናገር ስክሪፕት፣ ማለትም የትዕዛዝ ጽሑፍ፣ ይጻፍለታል። ቋንቋው ኤልኤስኤል ይባላል። እኔን የያዘኝ ይሄ ነው። የሰው ቤት እያየሁ ስዞር ስድስት ወር አለፈኝ። ስክሪፕት መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ግን ሌላ አገር የገባሁ ያህል ነው። ሰው እየመጣ "ይሄን እንዴት ሠራኸው?" ይለኛል። እኔም የእሱን እጠይቃለሁ። በዚያው ወዳጅ እንሆናለን።

እዚያ ብሌክ ሲ የሚባል ሰፊ ባሕር አለ። ሰዎች በጀልባ የሚንሸራሸሩበት ነው። ባለ ሸራ፣ ባለ ሞተር፣ የሌለ ዓይነት የለም። የእኛን ግን ፈልጌ አጣሁ። አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነበር። አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው ዓሣ ገበያ ነው ያደግሁት ማለት ይቻላል። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲገቡ፣ ቆሮሶው ሲራገፍ፣ አባ ኮዳዎቹ አንገታቸውን ቀብረው የሚጣልላቸውን ሲጠብቁ፣ ሁሉም ዓይኔ ላይ አለ። ስለዚህ የአባቴን ጀልባ ልሠራት ተነሣሁ።

በፕሪም ሠራኋት። ፕሪም ማለት እዚያው ዓለም ውስጥ የሚገጣጠም ሳጥንና ሲሊንደር ነው። ጎኗ ሰማያዊ ነው፣ አፍንጫዋ ላይ ቀለሙ ተልጦ እንጨቱ ይታያል። ይሄን ከራሴ አላመጣሁትም። አንድ እሑድ አሞራ ገደል ወርጄ አንዷ ጀልባ ጎን ተንበርክኬ ጣውላውን በስልኬ አነሣሁት። ምስል ለማስገባት 10 ሊንደን ዶላር ይከፈላል፣ ለአንዲት ልጅ አጥር ሠርቼ ካገኘሁት ላይ ከፈልኩ። ሆዷ ውስጥ የውኃ መጨለፊያ ጣሳ አለ። የእኛ ጀልባ ያለ ጣሳ አይወጣም፣ ከሥር ሁሌም ትንሽ ትንሽ ይገባል። እዚያ በተራ ፕሪም የተሠራ ተሽከርካሪም ሆነ ጀልባ ከ32 ፕሪም መብለጥ አይችልም። እኔ 32 ሞልቼ ስለነበር ለጣሳው ብዬ አንድ ጣውላ ነቀልኩ። የጎደለውን ማንም አላወቀብኝም፣ ጣሳው ባይኖር ግን እኔ አውቅ ነበር።

አሁን ወደ ችግሬ። አንዲት ፖርቱጋል የሚኖሩ እናት አሉ፣ ዕድሜያቸው ከሰባ ያልፋል። እግራቸውን ስለሚያማቸው ከቤት ብዙ አይወጡም። በእኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ይመጣሉ፣ ጀልባዋ ላይ ይቀመጣሉ፣ እኔ እቀዝፋለሁ። የምንጻጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፣ ለሁለታችንም የተውሶ ቋንቋ ነው። አንድ ቀን "የዚህች ጀልባ ባለቤቶች በምን ቋንቋ ነው የሚነጋገሩት?" አሉኝ። በአማርኛም በሲዳምኛም አልኳቸው። "ታዲያ ሜኑው ለምን በእንግሊዝኛ ሆነ?" አሉ። መልስ አጣሁ። በማግሥቱ በአማርኛ ቀየርኩት።

ሲነኳት ሦስት በተን (የሚጫን ቁልፍ) ትከፍታለች ብዬ ነበር። "ድንጋይ ጣል" (መልሕቋ በገመድ የታሰረ ድንጋይ ነው)፣ "መቅዘፊያ አውጣ" እና "ተሳፋሪ አውርድ"። የመጀመሪያውን ብቻዋን ስሞክራት ሠራች። ሁለቱን ስጨምር ሜኑው ጭራሽ አይከፈትም። የበተኑ ስም ከ24 መብለጥ የለበትም የሚል ቀይ መልእክት ይመጣል። "መቅዘፊያ አውጣ" እኮ ክፍት ቦታውን ጨምሮ 9 ነው! በጣቴ ቆጠርኩ፣ ደግሜ ቆጠርኩ። የት ላይ ነው የተሳሳትኩት?

ሌሎች ሁለት ነገሮች። አንደኛ፣ ከአንዱ ሪጅን (ዓለሙ የተከፋፈለበት ቁራጭ) ወደ ሌላው ስሻገር ተሳፋሪዬ ውኃ ውስጥ ይቀራል። እኚህን እናት ሁለቴ ጥያቸው ሄጃለሁ፣ በጣም ነው ያፈርኩት። ሁለተኛ፣ የማቆምበት መሬት ባለቤት ጀልባህ ቦታውን ላግ ታደርጋለች፣ ታንቀራፍፋለች አለኝ። ስድስት ስክሪፕት አላት። ብዙ ነው?

---

አቶቴ

ወንድሜ፣ ቆጠራህ ልክ ነው። ሴኮንድ ላይፍ የሚቆጥረው ግን ባይት ነው፣ ኮምፒውተር ጽሑፍ የሚለካበት። የላቲን አንድ ፊደል 1 ባይት ይይዛል። የእኛ አንድ ፊደል 3 ባይት ነው። "መቅዘፊያ አውጣ" ላይ 8 ፊደል አለ፣ 8 በ3 ሲባዛ 24። ክፍት ቦታዋ 1 ባይት። ድምሩ 25። በአንዲት ባይት ነው የወደቅከው! "ተሳፋሪ አውርድ"ም ቁርጥ ያው 25 ነው። "ድንጋይ ጣል" 19 ስለሆነ አለፈ።

ስለዚህ "መቅዘፊያ" ብቻ በለው፣ 15 ነው። ሌላውን "ሰው አውርድ" በለው፣ 19 ነው። እንደውም ጀልባ ላይ "ተሳፋሪ አውርድ" የሚል ሰው አለ እንዴ? ሰው አውርድ ነው የሚባለው።

ሌሎቹንም ልኮች ያዛቸው፣ ነገ ይገጥሙሃል። የሜኑው ጽሑፍ 512 ባይት ነው፣ የእኛ 170 ፊደል። ዕቃ አናት ላይ የሚንሳፈፈው ጽሑፍ 254 ነው፣ 84 ፊደል። ስክሪፕት በአንዴ የሚናገረው 1024 ነው፣ 341 ፊደል። አራት ነጥብም 3 ባይት ትበላለች፣ አትርሳት። እርግጠኛ ለመሆን ጽሑፉን ወደ ቤዝ64 (ማንኛውንም ጽሑፍ በላቲን ፊደልና በቁጥር መልሶ የሚጽፍ ዘዴ) ቀይር፣ ርዝመቱን በ3 አባዝተህ ለ4 አካፍል፣ መጨረሻው ላይ ያሉትን የእኩል ይሆናል ምልክቶች ቀንስ። የሚቀረው የባይቱ ቁጥር ነው። እኔ ይሄን የምታደርግ ትንሽ ስክሪፕት ጽፌ አንድ ሳጥን ውስጥ አስቀምጫለሁ። ቃሉን በቻት እጽፍላታለሁ፣ ቁጥሩን ትነግረኛለች። ትፈልጋት እንደሆነ እሰጥሃለሁ።

አንድ ነገር ግን በጣም ልለምንህ። የበተኑን ስም ስክሪፕቱ አናት ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ጻፈውና ከዚያ በተለዋዋጭ ጥራው። እኔ አንዱ ጋ "ዓሣ አጥምድ" ብዬ፣ ታች ማወዳደሪያው ላይ "አሳ አጥምድ" ብዬ ጽፌ ሁለት ሌሊት አልቅሻለሁ። ለእኛ ሲነበብ አንድ ነው። ለኮምፒውተሩ ዓይኑ ዓ እና አልፋው አ ምንም አይገናኙም። በተኑ ይታያል፣ ይጫናል፣ ግን ምንም አይሆንም። ስሕተት እንኳን አይነግርህም። ሰና ሠ፣ ሀና ሐ፣ ጸና ፀ ያለበት ቃል ሁሉ እንዲህ ነው።

በተኖቹ ደግሞ የሚደረደሩት ከታች ወደ ላይ ነው፣ በአንድ ረድፍ ሦስት ሦስት እየሆኑ። ከሦስት ሲያልፉብህ ቅደም ተከተሉ ተገለበጠብኝ ብለህ እንዳትደነግጥ።

---

ታቦር ሥር

ትናንት ማታ መጥቼ ጀልባህን አየኋት። ጣሳው ላይ ቆሜ ቀረሁ። አያቴ ቤት እንዲሁ ዓይነት የዘይት ጣሳ ነበረ፣ ዝገቱ ሳይቀር።

እኔ ልብስ ነው የምሠራው። ሐበሻ ቀሚስ ከነጥልፉ፣ ነጠላ፣ አሁን ደግሞ ጀበና ከነረከቦቱ። ስለ ላጉ የማውቀውን ልንገርህ።

ስድስት ስክሪፕት ለአንድ ጀልባ ብዙ ነው። እያንዳንዱ ስክሪፕት እስከ 64 ኪሎባይት ሜሞሪ ይፈቀድለታል። ዋናው ጥፋት ግን ቁጥሩ አይደለም። ለግራና ለቀኝ መቅዘፊያ፣ ለድንጋዩ፣ ለመቀመጫው ለየብቻ ስክሪፕት ሰጥተሃል፣ እነሱም ሁሉ ቻናል ዜሮ ላይ ጆሯቸውን ተክለዋል። ቻናል ዜሮ ሰው የሚያወራበት ነው። 20 ሜትር ውስጥ አንድ ሰው "ሰላም" ባለ ቁጥር ስድስቱም ይነቃሉ፣ ለእኔ ነው ወይስ አይደለም ብለው ያያሉ፣ ተመልሰው ይተኛሉ። ከጀልባህ ጎን አሥር ሰው ሲያወራ አስበው።

እንዲህ አድርግ። ሁሉንም አንድ ስክሪፕት ውስጥ ክተት። የጀልባዋን ክፍሎች ከዋናው ፕሪም ሆነህ በቁጥራቸው እየጠራህ ማንቀሳቀስ ይቻላል። ለሜኑው ከዜሮ በታች የሆነ ትልቅ ቁጥር ያለው ቻናል ምረጥ። ሰው ሲነካት ብቻ ጆሮዋን ክፈት፣ ሲመርጥ ዝጋ። ሳይመርጥ ከሄደስ? ሰዓት ሙላላት፣ በ60 ሰከንድ ራሷ ትዝጋ። ሰዓቱንም ማጥፋት እንዳትረሳ። ሰው ሁሉ የሚረሳው እሱን ነው።

ማሻገሩም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። አንድ ሪጅን 256 ሜትር በ256 ሜትር ነው። ድንበሩን ስታልፍ ጀልባህና የተሳፈረው ሰው ከአንዱ ሲሙሌተር (ሪጅኑን የሚያስኬደው ፕሮግራም) ወደ ሌላው ይተላለፋሉ፣ ስክሪፕቶቹ እስካሁን ያሰቡት ነገር ሁሉ ተጠቅልሎ አብሮ ይሄዳል። ሸክሙ በበዛ ቁጥር ማሻገሩ ይከብዳል። የጀልባውን ብቻ አይደለም፣ ሰውየው የለበሰው ጫማና ፀጉር ውስጥ ያለው ስክሪፕትም ይቆጠራል። እኚያን እናት ቀለል ያለ ነገር ይልበሱ በላቸው። ድንበር ላይ ስትደርስ መቅዘፍ ቀንስ፣ በቀጥታ ተሻገር። ጥግ ላይ፣ አራት ሪጅን የሚገናኙበት ቦታ፣ በፍጹም እንዳትሻገር።

የመጨረሻው ምክሬ፦ በነፃ አትስጣት። ሰው ሲለምንህ አይቻለሁ። ሦስት ወር የለፋህበት ነው። እኔ መጀመሪያ ቀሚሶቼን በነፃ ሰጠሁ፣ ከዚያ ስሸጥ ሰው ተቀየመኝ። ትንሽም ብትሆን ዋጋ ቁረጥላት።

---

መምህር

የቆሮሶ ጥያቄ ተመልሷል። እኔ ሌላ መንገድ ላመልክት፣ በተለይ የራሱ ሐይቅ ለሚፈልግ ሰው።

ኦፕንሲሙሌተር የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ። ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ነው። በራስህ ኮምፒውተር ላይ እንደ ሴኮንድ ላይፍ ያለ ዓለም ያስነሣልሃል፣ ስክሪፕቱም ያው ኤልኤስኤል ነው። መግቢያው ፋየርስቶርም ነው፣ ለኦፕንሲሙሌተር የተዘጋጀውን መርጠህ አውርድ። ምስል ማስገባት ገንዘብ አያስወጣም። ኢንተርኔትም አያስፈልግም።

ይሄ የመጨረሻው ነገር ነው እኔን ያዳነኝ። የማስተምርበት የኮምፒውተር ላብ ውስጥ ኢንተርኔቱ ይመጣል ይሄዳል፣ አብዛኛውን ጊዜ ይሄዳል። ኮምፒውተሮቹ ግን በገመድ እርስ በርሳቸው ተያይዘዋል። አንዱን ሰርቨር አደረግሁት፣ ልጆቹ ከየወንበራቸው ገቡ። መብራት ሊሄድ ይችላል ብዬ ስለምፈራ ክፍለ ጊዜ ከማለቁ በፊት መላውን ዓለም ኦአር በሚባል አንድ ፋይል አስቀምጬ ፍላሽ ላይ እገለብጣለሁ። በማግሥቱ ከዚያው ይቀጥላል።

የመጀመሪያ ሥራችን ሐዋሳ ሐይቅ ነበር። የመሬቱን ከፍታ የወሰድነው በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ምድርን በራዳር ከለካችበት መረጃ ነው፣ ለማንም ክፍት ነው። ልጆቹ የሠሩትን ሒሳብ ልንገራችሁ፣ በጣም ደስ ስለሚለኝ ነው። የሐይቃችን ፊት ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1680 ሜትር ገደማ ነው። ኦፕንሲሙሌተር ውስጥ ውኃው የሚቆመው 20 ሜትር ላይ ነው። ስለዚህ ከሁሉም ቁጥር ላይ 1660 ቀነሱ። ታቦር ከውኃው ዳር ብቅ ሲል ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። መረጃው ነጥቡ በየ30 ሜትሩ ስለሆነ ተራራው ሻካራ ነበር፣ በእጃችን አለሰለስነው።

ራዳር ግን ውኃ ሥር አያይም። ሐይቁ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ሆኖ ነው የመጣው። ጥልቅ ቦታው ከ20 ሜትር ትንሽ ያልፋል፣ እኛ ያለን ደግሞ 20 ሜትር ነው። ልጆቹ ሊገጣጠም ነው ብለው ቆፈሩት። የጥቁር ውኃ ወንዝ የሚገባበትንም አልረሱም።

አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አባ ኮዳ ሠራች። ወፏ ባለችበት ቆማ በየጥቂት ሰከንዱ ዙሪያዋን ታስሳለች። ዓሣ የያዘ ሰው ካገኘች እየተንገዳገደች ትከተለዋለች፣ ዓሣውን ሲያስቀምጥ ትቆማለች። ልጅቷ አካሄዷን ለማስተካከል ቅዳሜ ጠዋት አሞራ ገደል ሄዳ ወፎቹን ስታይ እንደዋለች ነገረችኝ። እግሯን እንዴት እንደምታነሣ ቆማ ስታሳየን ማንም አልሳቀም፣ ሁላችንም ትክክል መሆኑን አወቅን።

ቆሮሶ፣ ሪጅን እዚህ ማስፋት ይቻላል። የእኛ 1024 ሜትር በ1024 ነው፣ መሐሉ ላይ ድንበር የለውም። ሐይቁ አለ፣ ወፏ አለች። የጎደለን ጀልባ ነው።

---

ቆሮሶ

አቶቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። በአንዲት ባይት! ለዚያች ክፍት ቦታ ብዬ አንድ ሳምንት ተሠቃየሁ። "መቅዘፊያ" እና "ሰው አውርድ" ብዬ ቀየርኳቸው፣ ሦስቱም ወጡ። ሳጥኗንም ላክልኝ፣ እፈልጋታለሁ። ሠ እና ሰ ያልከውንም ሄጄ ፈተሽኩ። "መቅዘፊያ"ን ሳየው ደኅና ነው፣ "ሰው" ግን ታች "ሠው" ሆኖ ተጽፏል። ሳትነግረኝ ቢሆን ኖሮ መቼ አገኘው ነበር?

ታቦር ሥር፣ ስድስቱን አንድ አደረግኋቸው። አራት ሌሊት ወሰደብኝ። ጆሮዋ አሁን ተነክታ ካልሆነ አይከፈትም። ትናንት አሥር ጊዜ ድንበር ተሻገርኩ፣ ዘጠኙ በደኅና አለፈ። አንዱ ላይ ጥግ ነክቻለሁ መሰለኝ። ባለ መሬቱም "ጀልባህን ቀየርክ እንዴ?" አለኝ።

ስለ ዋጋው ግን አልስማማም። ሥራሽን በዋጋ መሸጥሽ ትክክል ነው፣ ጥልፍ የጥልፍ ዋጋ አለው። ጀልባዋን ግን የሠራኋት ብሌክ ሲ ላይ የእኛ ጀልባ ስለሌለች ነው። አንድ ሰው ገዝቶ ብቻውን ቢያስቀምጣት ያው የለችም ማለት ነው። ሰው ሁሉ እንዲገለብጣት፣ እንዲቀይራት፣ ለሌላ እንዲሰጣት ፈቅጄ ልለቃት ነው። ስክሪፕቷንም ክፍት አድርጌ፣ በየመስመሩ በአማርኛ ማብራሪያ ጽፌ። ከእኔ በኋላ የሚጀምር ልጅ ስለ 24ቷ ባይት በጣቱ እንዳይቆጥር።

እኚያ እናት ትናንት በሰዓታቸው መጡ። ሜኑው ሲከፈትላቸው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ እያንዳንዱን ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። "ድንጋይ ጣል" የሚለውን ተጫኑ። ገመዱ ወረደ፣ ጀልባዋ ቆመች። ውኃው ላይ ቆመን ብዙ አወራን። ባለቤታቸው መርከብ ላይ ይሠሩ እንደነበር ያን ጊዜ ነው የነገሩኝ፣ ስንተዋወቅ ብዙ ወራችን ነው። በመሐል "ይሄ ጣሳ ለምንድን ነው?" አሉ። ውኃ እንደሚገባ፣ አባቴ እየቀዘፈ እኔ እየጨለፍኩ እንደማፈስ ነገርኳቸው። "ታዲያ እዚህ ለምን አይገባም?" አሉኝ።

አሁን እሱን እየሠራሁ ነው። በየአምስት ደቂቃው ሆዷ ውስጥ ውኃው አንድ ጣት ያህል ከፍ ይላል። ጣሳውን ሲነኩት ይቀንሳል። ካልነኩት ጀልባዋ እየከበደች ትሄዳለች፣ አትሰጥምም፣ ግን ትዘገያለች። እኚህ እናት እኔ ጨላፊ ነኝ ብለዋል፣ ሥራውን ከአሁኑ ይዘዋል።

መምህር፣ ጽሑፍዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጀልባዋን ይዤ ልምጣ? ሁሉንም ፕሪም ራሴ የሠራሁት፣ ጣውላውንም ራሴ ያነሣሁት ስለሆነ በፋየርስቶርም ወደ ኮምፒውተሬ ማውረድ እችላለሁ። ስክሪፕቱን በጽሑፍ ገልብጬ እይዛለሁ። ቅዳሜ ከሥራ ነፃ ነኝ።

---

መምህር

ና እንጂ! ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ላቡ ክፍት ነው። ፍላሽ ይዘህ ና። የጀልባ ትዕዛዞቹ እኛም ጋ ይሠራሉ፣ ግን አካሄዷ ትንሽ ሊለይብህ ስለሚችል ፍጥነቱንና መንሳፈፊያውን እንደገና እናስተካክላለን። ለባለ አባ ኮዳዋ ልጅ ነግሬያታለሁ። አንድ ጥያቄ አላት፦ ጀልባዋ ውስጥ ዓሣ ይኖራል ወይ? ካለ ወፏ ውኃ ውስጥ እንዳትገባ አሁኑኑ ማስተካከል አለብኝ ትላለች።

---

ቆሮሶ

ይኖራል። አምስት ቆሮሶና አንድ አምባዛ።